ጥፋቱ ሁሉ የማይቶኮንድሪያ ነው?

«ስኳር፣ የመርሳት በሽታና ፓርኪንሰን ሦስት በሽታ አይደሉም፤ አንድ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየሰው ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። (ፓርኪንሰን እጅ የሚያንቀጠቅጥና ሰውነትን የሚያግት የአንጎል በሽታ ነው።) እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጽሑፉን ሰው ልኮልኛል፣ ሰው አንብቦልኛል፣ አትሞ ይዞልኝ የመጣም አለ። አጎቴ ደግሞ «አንብቢውና መድኃኒቴን ላቁም ወይስ ልቀጥል ንገሪኝ» ብሎ ጽፎልኛል። ለሁሉም አንድ ላይ ብመልስ ይቀለኛል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። በሕዋሶቻችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ኃይል አምራች ክፍሎች አሉ። እነሱ ሲደክሙ ሰው ይታመማል። የሕመሙ ስም ምንም ይሁን ምን መፍትሔው ያው ነው፦ መጾም፣ ኮኪውቴን የሚባለውን እንክብል መዋጥ፣ «ከኬሚካል መድኃኒት» መራቅ። ለስኳር ሕመምተኞች የሚሰጠው ሜትፎርሚን የሚባል እንክብል «የማይቶኮንድሪያ መርዝ» ተብሏል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም ሰውነታቸው «እስኪነቃ» መጠኑን እየቀነሱ እንዲተዉት ተመክረዋል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ያነበቡ ሰው መሆናቸው ግን ያስታውቃል። ከጠቀሷቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በእርግጥ የተሠሩ ናቸው። የእኔ ጠብ ከጥናቶቹ ጋር አይደለም፤ ከጥናቱ ተነስተው ወደ ምክሩ ከዘለሉት ዝላይ ጋር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ የሚነሳው ከዐባይ ግድብ ነው። «ግድቡ ሥራ ቢያቆም አገር ይጨልማል፤ ማይቶኮንድሪያ ሲያቆምም ሰውነት እንዲሁ» ይላል። ምሳሌው ደስ ይላል፤ ጎጃም ቁጭ ብሎ ዐባይን ሳይጠራ የሚጽፍ ማን አለ? ግን ቤቴ ስለጨለመ ብቻ ጥፋቱን ግድቡ ላይ አላላክክም። አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል። ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ይሆናል። ካርድ ሳልሞላ ቀርቼም ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ማይቶኮንድሪያ ከምግብና ከኦክስጅን ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ኃይል ያመርታል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከኃይሉ 20 በመቶ ገደማውን ይበላል። ስለዚህ የኃይል እጥረት አንጎልን ቶሎ ያገኘዋል መባሉ ልክ ነው። «እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ሺህ ማይቶኮንድሪያ አለው» የሚለው ግን ስሕተት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ አንድም የለውም። የጉበትና የልብ ጡንቻ ሕዋሶች በብዙ መቶና ሺህ አላቸው። ቁጥሩም ሥራውም እንደየሕዋሱ ይለያያል። ትንሽ እርማት ትመስላለች፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚህች ላይ ነው።

ማይቶኮንድሪያ በእርግጥ ሲመረዝ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ጎጃም ውስጥ አይተነዋል።

ብርብራን እንውሰድ። ከጣና ገባሮች ዳር ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የዛፉ ፍሬ ይደርቅና ይወቀጣል። ዓሣው እንቁላል ሊጥል ሽቅብ ወደ ወንዙ በሚወጣበት ወቅት ዱቄቱ ውኃው ላይ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ወደ ላይ ይመጣል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ከዚያ በጎኑ ይንሳፈፋል። ውኃው ውስጥ ኦክስጅን አልጠፋም፤ ዓሣው ሊጠቀምበት ነው ያልቻለው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የኃይል ምርቱ የሚጀምርበትን ክፍል ይዘጋዋል። ይህን ክፍል ኮምፕሌክስ አንድ ይሉታል። (በነገራችን ላይ ይህ አጠማመድ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል። ጣናን ለሚወድ ሰው የሚያኮራ ሙያ አይደለም።)

ሁለተኛው ጓያ ነው። ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻ እየበላ ከርሞ እግሩ የተሳሰረ፣ በዱላ የሚራመድ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ የነርቭ ሕዋሶችን ከልክ በላይ ያነሳሳቸውና ይጎዳቸዋል። በአይጥ ላይ በተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ይኸንኑ ኮምፕሌክስ አንድን ሲያዳክም ታይቷል።

ሦስተኛውን የኤችአይቪ መድኃኒት ቀደም ብለው የጀመሩ ሰዎች አይረሱትም። ዲ ፎር ቲ ይባል ነበር። ቫይረሱን ሲያግድ የማይቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚያባዛውን ኢንዛይምም አብሮ ያግድ ነበር። ጉንጭ ይገባል፣ መቀመጫ ይሟሽሻል፣ ማታ ማታ ውስጥ እግር እንደ እሳት ይፋጃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ይህን መድኃኒት ደረጃ በደረጃ እንዲተዉት መክሮ በሌላ ተተካ። ልብ በሉ፤ የተደረገው መድኃኒት ማቆም አይደለም። መድኃኒት መቀየር ነው። ያን ጊዜ «ማይቶኮንድሪያዬን ይጎዳል» ብሎ ጭራሽ ያቋረጠ ሰው ቢኖር ቫይረሱ ነበር የሚቀድመው።

እንግዲህ ሦስቱም ማይቶኮንድሪያን ይነካሉ። ግን ጓያ የሰበረው ሰው አእምሮው ንጹሕ ነው፤ የልጅ ልጆቹን ስም በተራ ይጠራላችኋል። ዲ ፎር ቲ ያቃጠለው እግር የፓርኪንሰን እግር አይደለም። «አንድ በሽታ» ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሕመም ባመጡ ነበር። የሚለየው የትኛው ሕዋስ፣ በምን መንገድ፣ ምን ያህል ጊዜ ተጎዳ የሚለው ነው። ጽሑፉ ዘሎ ያለፈው ይህንን ጥያቄ ነው።

«ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው፤ ስለዚህ በሽታው በእናት ዘር ይመጣል» ለሚለው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃል። አማቶች ይህን አንቀጽ ባያዩት ጥሩ ነበር፤ በልጃቸው ሕመም ምራቷን ለመክሰስ ምክንያት ለሚፈልጉ ትልቅ ስጦታ ነው። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ እንዳለውና ከእናት እንደሚመጣ እውነት ነው። ቅደም ተከተሉ በ1981 ሙሉ በሙሉ ተነቧል፤ 16,569 ፊደላት፣ 37 ዘረ መሎች። ከእነዚህ ፕሮቲን የሚሠሩት 13 ብቻ ናቸው። ማይቶኮንድሪያ ግን እንዲሠራ ከሺህ በላይ ፕሮቲን ይፈልጋል። የቀረው ሁሉ የሚታዘዘው ከሕዋሱ አስኳል ነው፤ ያ ደግሞ ከአባትም ከእናትም ነው። በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፍ የስኳር ዓይነት መኖሩን አልክድም። ብዙ ጊዜ ከመስማት ችግር ጋር አብሮ ይመጣል። ከስኳር ሕመምተኞች መሐል ግን ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው።

ወደ ፓርኪንሰን ልምጣ። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልየው።

ጸሐፊው «ፓርኪንሰን የኮምፕሌክስ አንድ በሽታ መሆኑ ከ1982 ጀምሮ ይታወቃል» ይላሉ። ታሪኩ እውነት ነው፤ እንዲያውም እሳቸው ከተረኩት በላይ ይገርማል። በዚያ ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በድንገት ሰውነታቸው ግትር ብሎ፣ መናገርም መንቀሳቀስም አቅቷቸው ወደ ሐኪም መጡ። የሽማግሌ በሽታ በቀናት ውስጥ ወጣት ላይ ወጣ። ሲጣራ ሁሉም በሰው የተሠራ ሄሮይን የሚባል አደንዛዥ ዕፅ ተወግተዋል። ሄሮይኑ ኤምፒቲፒ በሚባል ኬሚካል ተበክሎ ነበር። ዶክተር ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቻቸው በ1983 ነገሩን ለዓለም አሳወቁ። ቆይቶም ኬሚካሉ አንጎል ውስጥ ተለውጦ ዶፓሚንን (እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውን የአንጎል መልእክተኛ) ወደሚያመርቱ ሕዋሶች እንደሚገባና እዚያ ኮምፕሌክስ አንድን እንደሚያግድ ታወቀ። ሌሎቹን ሕዋሶች ለምን አልነካም? ምክንያቱም መግቢያ ያገኘው በዶፓሚን ሕዋሶቹ በኩል ነው። እነዚያ ሕዋሶች ዶፓሚንን መልሰው የሚስቡበት መንገድ አላቸው፤ መርዙም በዚያው ሾልኮ ገባ።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ተከታትሎ መጣ። በ1989 የለንደን ተመራማሪዎች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ ዶፓሚን በሚመረትበት ሥፍራ ኮምፕሌክስ አንድ ደክሞ አገኙት። በ2000 ሮቴኖን በተከታታይ የተሰጣቸው አይጦች የፓርኪንሰን ምልክት አሳዩ። ያው የብርብራችን ሮቴኖን ማለት ነው። በ2004 ፒንክ አንድ የሚባል ዘረ መል ሲበላሽ በቤተሰብ የሚተላለፍ ፓርኪንሰን እንደሚያመጣ ታወቀ። ይህ ዘረ መል የተጎዳ ማይቶኮንድሪያ ተለይቶ እንዲወገድ የሚያግዝ ነው። በ2011 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በፀረ ተባይ ላይ የሠሩ ሰዎች ተጠንተው ሮቴኖን ወይም ፓራኳት የተጠቀሙት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ። እኔ ብሆን ከዚህ ሁሉ የማወጣው ምክር አንድ ነው፦ መድኃኒት የምትረጩ ገበሬዎች አፍንጫና አፋችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ ጄሪካኑን አጥባችሁ ውኃ አትቅዱበት። ጽሑፉ ይህን አይልም። ኮኪውቴን ግዙ ነው የሚለው።

ኮኪውቴን ደግሞ ተሞክሯል። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ኮኪውቴን በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ከኮምፕሌክስ አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ነገር ነው። «ብንጨምርለት ያግዘዋል» ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ስለዚህ ገና በጀመራቸው 600 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ከፊሉ በቀን 1,200 ሚሊግራም፣ ከፊሉ 2,400 ሚሊግራም፣ ከፊሉ መልኩ ያው ሆኖ ምንም የሌለበት እንክብል ወሰዱ። መሐል ላይ ውጤቱ ሲታይ የትም እንደማይደርስ ስለታወቀ ሙከራው ቆመ፤ በ2014 ታተመ። ለማይቶኮንድሪያ ኃይል ይቆጥባል የተባለው ክሪያቲን በ1,741 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እሱም በ2013 ቆመ። ሃንቲንግተን በሚባለው በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታም ኮኪውቴን በ609 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ያው ሆነ። ጸሐፊው የ1982ቱን ታሪክ አንብበው እነዚህን አለማንበባቸው ይገርመኛል።

ለምን አልሠራም? የሚንቀጠቀጥ እጅ ሐኪም ጋ ሲደርስ ብዙዎቹ የዶፓሚን ሕዋሶች ቀድመው ሞተዋል። የዋጥነው እንክብል በሆድ በኩል አልፎ አንጎል ውስጥ በሚበቃ መጠን መግባቱም ሌላ ጥያቄ ነው። ጉዳቱ የት እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ደርሶ መጠገን ሌላ።

«ሌቮዶፓ የቀሩትን ሕዋሶች ይገድላል» የሚለው፣ ስለ ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት የተነሳ ስጋት ሐኪሞችንም ለዓመታት ያከራከረ ነው። በ2019 የታተመ በ445 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ቀደም ብለው የጀመሩትንና ዘግይተው የጀመሩትን አወዳደረ። ከ80 ሳምንት በኋላ በበሽታው አካሄድ ላይ ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱ በሽታውን አያቆምም፤ አያባብስምም። ሰው ግን ቁልፉን ራሱ ቆልፎ፣ ጉርሻውን ራሱ እንዲጎርስ ያደርጋል።

አሁን ስኳር። ጽሑፉ የሚጠቅሰው የ2004 ጥናት ትልቅ ስም ያለው ነው። ወላጆቻቸው ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው፣ ራሳቸው ቀጫጭን ግን ሰውነታቸው ለኢንሱሊን እንቢ ያለ ወጣቶች ተለኩ። በጡንቻቸው ውስጥ ያለው የማይቶኮንድሪያ ምርት በ30 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጸሐፊው «ይኸው መንስኤው ተገኘ» አሉ። ግን ማን ቀደመ? በ2008 አሜሪካ የሚኖሩ ሕንዳውያን ሲጠኑ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ክፉኛ እንቢ ብሏል፤ የጡንቻቸው ማይቶኮንድሪያ ግን ከነጮቹ የበለጠ የማምረት አቅም ነበረው። በ2007 የጡንቻ ማይቶኮንድሪያቸው ሆን ተብሎ በዘረ መል እንዲደክም የተደረጉ አይጦች ስኳር ይይዛቸዋል ሲባል ጭራሽ ተጠበቁ። ብዙ መቀመጥ ራሱ ማይቶኮንድሪያን ይቀንሳል። ስለዚህ ድካሙ መንስኤም፣ ውጤትም፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጠብ ባለበት ቦታ የተገኘ ሁሉ ጠቡን አስነስቷል አይባልም።

ሜትፎርሚን «መርዝ» ነው ወይ? እዚህ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። መድኃኒቱ ኮምፕሌክስ አንድን በመጠኑ እንደሚይዝ ከ2000 ጀምሮ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ታዲያ ይህን የሚሰማ ሰው ለምን አይደንግጥ? ግን መርዝነትን የሚወስነው መጠኑና ቦታው ነው። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። እንግሊዝ ውስጥ ለዓመታት የተካሄደው ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ1998 ሲወጣ፣ ክብደታቸው ከፍ ካለ ሕመምተኞች መሐል ሜትፎርሚን የወሰዱት፣ በምግብ ጥንቃቄ ብቻ ከቆዩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ36 በመቶ ያነሰ ነበር። መርዝ እንዲህ አይሠራም። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ግን አይሰጥም። ከላይ ያነሳሁት በእናት የሚወረሰው የስኳር ዓይነት ላለበትም ሐኪሞች ይሸሹታል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ጸሐፊው ሜትፎርሚንን ሊነቅፉ ከፈለጉ የተሻለ ነጥብ ልስጣቸው። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ 12ን ይቀንሳል። ቢ 12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው። ጎጃሜው የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ አጿማቱን ሁሉ አይለቅም፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእነዚህ ርቆ ይኖራል። እግሩ ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ብለን እንተወዋለን። ስኳሩ ላይሆን ይችላል። ይህን ለሐኪማችሁ አንሱለት፤ መፍትሔው ቀላል መርፌ ወይም እንክብል ነው።

ስለ መርሳት በሽታ የተጻፈውን ቶሎ ልለፈው። የማይቶኮንድሪያ መድከም ቀድሞ ይመጣል የሚል መላ ምት በ2004 በከባድ ሳይንቲስቶች ቀርቧል፤ እስካሁንም ይጠናል። የሕመምተኞች አንጎል ስኳር የሚጠቀመው በአነሰ መጠን እንደሆነም በምስል ይታያል። ነገር ግን በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው የሚረሱ ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ጋ የተበላሹት ዘረ መሎች ያሉት አስኳሉ ውስጥ ነው፤ ዋና ሥራቸውም አሚሎይድ የሚባለውን ፕሮቲን የሚመለከት ነው። ማይቶኮንድሪያን ያግዛል ተብሎ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ዲሜቦን የሚባል መድኃኒትም በ2010 በትልቁ ሙከራ ወድቋል።

«ማይቶኮንድሪያ ጎጂ ኦክስጅን ስለሚለቅ ቫይታሚን ሲና ኢ በብዛት ውሰዱ» የሚለውም እንዲሁ። በ2009 የታተመ የጀርመን ጥናት ስፖርት የሚሠሩ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ቫይታሚኖቹን ያልወሰዱት ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የተሻለ ታዘዘ። የወሰዱት ግን ያን ጥቅም አላገኙም። ያ ጎጂ የተባለ ኦክስጅን በልኩ ሲሆን ጡንቻው እንዲጠነክር የሚነግረው መልእክት ነው። በፓርኪንሰንም ቫይታሚን ኢ በ800 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ1993 ጥቅም እንደሌለው ታይቷል።

ስለ ቫይታሚን ከተነሳ ግን ጽሑፉ የዘለለው አንድ አለ፤ እሱም ታያሚን፣ ቢ አንድ ነው። ከምግብ የመጣው ስኳር ወደ ማይቶኮንድሪያ ገብቶ ወደ ኃይል እንዲለወጥ የግድ ያስፈልጋል። የእኛ አገር አረቄ ደግሞ ይህን ቫይታሚን ያሟጥጣል፤ በተለይ እየጠጣ ለማይበላ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ከተምታታበት፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ አልንቀሳቀስ ካለው «ሰክሮ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሆስፒታል ውሰዱት። በጊዜው የተሰጠ የታያሚን መርፌ አንጎሉን ያተርፍለታል። ማይቶኮንድሪያን በቫይታሚን ማዳን ካማረን ይኸው፣ ያውም በርካሽ።

አሁን ወደ ጾሙና ወደ ኢንሱሊኑ። ያስቆጣኝ ይህ ክፍል ነው።

ጸሐፊው «አያቶቻችን ይጾሙ ስለነበር ስኳር አያውቃቸውም፤ ጾም የተበላሸ ማይቶኮንድሪያን እንደሚያጸዳ በ2016 የኖቤል ሽልማት ተረጋግጧል» ይላሉ። ሽልማቱ ለጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ መሰጠቱ እውነት ነው። የሠሩት ግን እርሾ ላይ ነው። ሕዋስ የራሱን ያረጁ ክፍሎች እንዴት ፈጭቶ መልሶ እንደሚጠቀምባቸው ነው ያሳዩት። የስኳር ሕመምተኛ አላጾሙም። አያቶቻችንም ቢሆኑ ይጾሙ ነበር፤ ግን በእግራቸው ገበያ ሄደው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ማንም ደግሞ ስኳራቸውን ለክቶ አያውቅም። ከስቶ፣ ውኃ ውኃ ብሎ የሞተ ወጣት «መጋኛ መታው» ተብሎ ይቀበር ነበር።

ክብደት መቀነስ ዓይነት ሁለት ስኳርን ሊመልስ እንደሚችል አልክድም። እንግሊዝ ውስጥ በ306 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት በሐኪም ክትትል ምግባቸውን አጥብቀው ከቀነሱት ግማሽ የሚጠጉት በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካክሏል። ግን ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው፣ ሕመሙ ከጀመራቸው ብዙ ያልቆየ ናቸው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጥናቱ ውስጥ አልገባም።

ጎጃም ገጠር ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጋውን ሰው ግን አስቡት። ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ ወጣት ነው፤ ድሃ ነው። ቆሽቱ በቂ ኢንሱሊን አያመርትም። በምግብ እጥረት የሚመጣውን ይህን መሰል ስኳር ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ለብቻው «ዓይነት አምስት» ብሎ ለይቶታል። እንዲህ ላለ ሰው ነው «ጹምና ኢንሱሊኑን ቀንስ» የሚባለው?

ይህ ምክር አዲስም አይደለም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ፍሬድሪክ አለን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ስኳር ያለባቸውን ልጆች በረሃብ ነበር የሚያክሙት። ከዚያ የተሻለ ነገር ስላልነበረ። ልጆቹ ጥቂት ወራት ወይም ዓመት ሁለት ዓመት ይገፉና አጥንታቸው ወጥቶ ይሞቱ ነበር። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ ያ ዘመን አበቃ። ጽሑፉ ወደዚያ ዘመን ነው የሚመልሰን።

ሰሞኑን ከደጀን ቆላ አንድ አባት መጡ። ፍሪጅ የላቸውም፤ ኢንሱሊናቸውን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው የሚያቆዩት። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኛም የምንመክረው ነው። ብልቃጧን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጧት። አየኋት፤ ገና ከግማሽ በላይ ናት።

«አባቴ፣ ይቺ እኮ እስካሁን ማለቅ ነበረባት» አልኳቸው።

«እየቀነስኩ ነው ልጄ» አሉኝ። «ልጁ ያነበበልኝ ወረቀት ሰውነቱ ይነቃል ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ነው የሚለኝ።»

ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ጣታቸውን ወግተን ስንለካ መሣሪያው ቁጥር አላወጣም፤ መለካት ከሚችለው በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ ሰጠ። ባጃጅ ጠርተን በቀጥታ ሆስፒታል ላክናቸው። ኬቶአሲዶሲስ ይባላል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስቡን በፍጥነት ያነዳል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል። ሰውነት የሚነቃበት መንገድ አይደለም።

የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ካለ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ዳኦኒል የሚባለውን ስኳር የሚቀንስ እንክብል ወይም ኢንሱሊን ሲወስድ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገረዋል፣ ይወድቃል። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን አታስገድድም። ከንስሐ አባታችሁም ከሐኪማችሁም ጋር ተመካከሩ፤ መጠኑና ሰዓቱ የሚስተካከል ነገር ነው።

ጽሑፉ ውስጥ ያለ ምንም ቅሬታ የምቀበለው አንድ ምክር አለ፤ «ተንቀሳቀሱ» የሚለው። ከ1967 ጀምሮ ይታወቃል፤ የሚሮጡ አይጦች የጡንቻ ማይቶኮንድሪያቸው አቅም በእጥፍ ያህል ጨመረ። በሰውም ይሠራል። ይህን አንቀጽ አርዝመው ሌላውን ቢያሳጥሩት ምንኛ ጥሩ ነበር።

በመጨረሻም «መድኃኒት ሻጮች ይህን እውነት ይደብቃሉ» ተብሏል። እኔ ሻጭ ስለሆንኩ ልመልስ። ሜትፎርሚን ፈረንሳይ ውስጥ ለስኳር ሕክምና የገባው በ1957 ነው። መደርደሪያችን ላይ ካሉት ርካሾች አንዱ ነው፤ ከእሱ የሚገኘው ትርፍ ለሻይም አይበቃም። ኮኪውቴን ግን ከውጭ የሚመጣ፣ በሚያምር ጠርሙስ የታሸገ፣ ውድ ነገር ነው። ሰዉ ሁሉ ጽሑፉን አምኖ ቢመጣልን የሚያተርፈው ማን ነበር?

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ስለ እናት ዘር፣ ስለ ኮኪውቴን፣ ስለ ቫይታሚኑ የጻፉት እንዳለ ይቆይ፤ እንከራከርበታለን። የኢንሱሊኗን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጧት። ጽሑፉን አንብባችሁ መጠን የቀነሳችሁም፣ ጥማትና ሽንት ከበዛባችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ ሆድ ካመማችሁ፣ ትንፋሻችሁ ከፈጠነ ወይም እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ከሸተተ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ካርዳችሁን ይዛችሁ ዛሬ ሂዱ።